ሠላሳ ሁለት ሲቀነስ

የጥር ንፋስ ነበር፣ አዳማ የኖረ የሚያውቀው፣
አቧራ በቁልፍ ቀዳዳ አስገብቶ አልጋ ላይ የሚጥለው።
እኔ ከጅቡቲ መንገድ ገና መግባቴ ነው፤
የመኪናው ግለት ከእግሬ አልወጣም፣ ጆሮዬም ሞተር ነው።
ዱርሲቱ በር ላይ ቆማ «ሲምቦን ንካት» አለችኝ፤
አዋሽ አርባ ላይ እንደቆመ ራዲያተር ግንባሯ አቃጠለኝ።

ቴርሞሜትር ነበረን፤ ከመድኃኒት ቤት ያልወጣ፣
ሚስቴ የሰልባጅ ቦንዳ ስትፈታ ከኮት ኪስ የመጣ።
ያ ኮት! ክብደቱ እንደ በግ፣ ገበሩ ጠጉር በጠጉር፣
ምን ዓይነት ብርድ ይሆን ይህን ያሰፋ ያ አገር?

ቀጭኗን መስተዋት አራግፌ ከብብቷ ሥር አኖርኩት፤
አምስት ደቂቃ በስልኬም፣ በልቤም ቆጠርኩት።
አወጣሁት። ወደ አምፖሉ አዘነበልኩት።
መቶ ሁለት።

መቶ ሁለት!
ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣
ውሃ በመቶ እንደሚፈላ የማያውቅ ሾፌር የለም።
መርፌው ቀዩን ሲነካ ዳር ይዞ መቆም ነው፤
ክዳኑን በጨርቅ ይዞ፣ ፊትን አዙሮ መክፈት ነው።
ልጅ ግን በየት ይከፈታል? ክዳኑ የቱ ጋ ነው?

«ፈላች!» አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ዛሬ ያስቃል፤
ያን ለት ማን ይስቃል?
ዱርሲቱ ጫማ ሳታደርግ ግቢውን አቋርጣ ሮጠች፣
የጋሽ በዳዳን በር በሁለት እጇ መታች።

የወንጂ ስኳር አብሳይ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ።
ገባ በፒጃማ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ረስቶ።
ልጄን አላየም፤ ቀድሞ ያቺን መስተዋት አየ፣
ሳቀ። ንዴቴ ከትኩሳቷ በላይ ጋየ።
«ይሄ እኮ ፋራናይት ነው፤ ሴንቲግሬድ መስሎህ ነው፤
ቁጥሩን አትፍራው፤ ቋንቋው ነው የሌላ ሰው።
ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃም መቶን አይጠብቅም፤
ዘጠና አምስት ሳይሞላ ይፈላል። ሾፌርነት ብቻ አያሳውቅም።»

የሲምቦን ጠመኔ አንስቶ ቆርቆሮው በር ላይ
ጻፈልን፣ በአምፖሉ ብርሃን እንድናይ።
«መጀመሪያ ሠላሳ ሁለት ቀንስ፤
ውሃ እነሱ ቤት የሚረጋው ሠላሳ ሁለት ሲደርስ፣
እኛ ቤት ዜሮ ላይ ነው።» ሰባ ቀረ።
በአምስት አባዛው፤ ሦስት መቶ ሃምሳ! ልቤ እንደገና ተሸበረ።
«ቆይ እንጂ» አለ፣ «ለዘጠኝ ማካፈሉ ነው የሚያበርድ።»
ሠላሳ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ። ወጣ እንደ ፍርድ።

«ትኩሳት ነው። ቀላል አይደለም፤ ግን አልፈላችም።
ጨርቅ አርጥቡ፣ ውሃ አጠጧት፤ ሲነጋ ጤና ጣቢያ አይቀርም።»

ያው ገላ ነው፣ ያው ትንፋሽ፤ አንዲት ጠብታ አልበረደችም፤
ስሌት ትኩሳት አያወርድም።
የኔ እጅ ግን መንቀጥቀጡን ተወ።
ለምን እንደሆነ አላውቅም። ብቻ ተወ።

ሌሊቱን አልሄደም። ተቀመጠ በርጩማ ስቦ፣
«የሚስማሙበትም ቦታ አለ» አለኝ ድምፁን ቆጥቦ፤
«ከዜሮ በታች አርባ ላይ ሁለቱም አርባ ይላሉ።»
እዚያ ማን ይኖራል? «እንጃ፤ የሚኖሩም አሉ።»

እኔና ዱርሲቱ ከተኳረፍን ወር አልፎን ነበር፣ በቦንዳው ብድር፤
ጨርቅ ስንቀባበል ጣቷ ጣቴን ነካ፣ እርጥብ፣ ሳትናገር።

ሊነጋ ሲል ሲምቦ አላበች። ትራሷ እስኪርስ አላበች።
ዓይኗን ገልጣ፣ በሩን አይታ፣ «ጠመኔዬን ማን ወሰደ?» አለች።

ስሌቱ በሩ ላይ ቆየ፣ አቧራ እስኪያብሰው ድረስ።
ኮቱ ግን ምስማሩ ላይ አለ፤ አዳማ ኮት ማን ይልበስ?
አንዳንዴ ከመንገድ ስመለስ ኪሱ ውስጥ እጄን እከታለሁ፣
አንድ ሰው አስባለሁ፣
መቶ ሁለት ሲል ሳይቀንስ ሳያካፍል ወዲያው የገባው፣
ልጁ አልጋ ዳር ቆሞ፣ ከዚያ ብርድ እንደገባ፣
ኮቱን ሳያወልቅ ያነበበው።